ካርድና ኮምፒዩተር፦ የኢሉባቦር ጤና ተቋማት መዝገብ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ስለሚሸጋገርበት መንገድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




በኢሉባቦር ገጠር የታመመ ሰው ወደ ከተማ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪሙን አይደለም፤ ካርድ ክፍሉን ነው። ከኖጳ ወይም ከዲዱ ሌሊት ተነሥታ፣ ሕፃን አዝላ፣ ጭቃውን ረግጣ መቱ የደረሰች እናት በመስኮቱ በኩል በቅድሚያ የምትጠየቀው «ምንሽን አመመሽ?» ተብላ ሳይሆን «ካርድ አለሽ?» ተብላ ነው። ከዚህ ቀደም ታክማ እንደሆነና ቁጥሩ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት በዝናብ ርሳ ወይም ጠፍታባት እንደሆነ፣ አዲስ ካርድ ይወጣላታል። በዚያች ቅጽበት አንዲት ሴት በመዝገብ ሁለት ሴት ትሆናለች። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የሚገልጸው ማስታወሻ፣ ባለፈው ወሊድ ብዙ ደም እንደፈሰሳት የሚያስረዳው ገጽ በአሮጌው ማኅደር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ሐኪሙ የሚመረምረው ታሪክ የሌላትን ሴት ነው።

የዚህ ንግግር ርእስ በመሣሪያ ላይ ያተኮረ ይምሰል እንጂ፣ በመሠረቱ የሚመለከተው ይህችን እናት ነው። የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ ጥቅም የሚለካው እርስዋ ሁለት ሴት ከመሆን በመዳንዋ፣ ከመስኮቱ እስከ ሐኪሙ የምትጠብቀው ሰዓት በማጠሩ፣ ምስጢርዋም በመጠበቁ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ የዕቃ ግዢ ወሬ ነው።

ስለ አካባቢው

መቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ኢሉባቦር ሲባል ቀድሞ በደሌንም ጋምቤላንም ጭምር ያጠቃልል የነበረ ሰፊ ክፍለ ሀገር ነበር፤ ዛሬ ጋምቤላ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን፣ ከቀረው አብዛኛው በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ኢሉ አባ ቦርና ቡኖ በደሌ ተብለው በሚጠሩ ሁለት ዞኖች ተከፍሏል። ከመቱ ከፍ ብላ በተራራ ላይ የተቀመጠችው ጎሬ የቀድሞዋ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ በራስ እምሩ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠባት ናት። በዚያ ዘመን የጎሬና የመቱ ቡና በአጋሰስ ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ በባሮ ወንዝ በጀልባ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። እያንዳንዱ ጆንያ ምልክትና ቁጥር ነበረው፤ የነጋዴው መዝገብ ከየት እንደተነሣና ለማን እንደሚደርስ ያውቅ ነበር። ለቡናው የተደረገው ጥንቃቄ ለሰውየው ሕመም ዛሬም ገና በሙሉ አልተደረገም።

የመቱ ካርል ሆስፒታል ስሙ ራሱ ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት የመሠረተውን ተዋናይ ካርልሃይንዝ በምን ያስታውሳል። ሆስፒታሉ ከኢሉባቦር ወረዳዎች ብቻ ሳይሆን ከጋምቤላ በኩልም የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላል። ከእርሱ ዐቅም በላይ የሆነው ደግሞ በበደሌ በኩል ወደ ጅማ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያ፣ በሆስፒታልና ከዚያም በላይ ባለው ተቋም ተበታትኖ ይጻፋል። እነዚህን የሚያገናኘው በአብዛኛው በሕመምተኛው ኪስ ውስጥ የምትታጠፍ አንዲት የመላኪያ ወረቀት ናት።

ወረቀቱን ከመንቀፍ በፊት

የወረቀት መዝገብ እንዲያው የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የጤና መረጃ ሥርዓት ማሻሻያ በጥሩ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር፤ ይኸውም ለአንድ ሕመምተኛ አንድ ቁጥርና አንድ ማኅደር ብቻ እንዲኖረው ማድረግ ነው። በካርድ ክፍሉ ውስጥ የሕሙማን ስም በፊደል ተራ የሚደረደርበት የስም ማውጫ ካርድ ተዘጋጀ፤ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው በስሙ ተፈልጎ እንዲገኝ ነው። ማኅደሩ ከመደርደሪያው ሲወጣ በቦታው መተኪያ ካርድ እንዲቀመጥ ተደነገገ፤ ወዴት እንደሄደ እንዲታወቅ ነው። በጤና ኬላዎችም እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ማኅደር እንዲኖረው ተደረገ።

ይህ ሥርዓት መብራት አይፈልግም፤ መብረቅ አይመታውም፤ ያለ ቴክኒሺያን ይሠራል። የሚሰናከለው ግን ሥራው ሲበዛ ነው። ከፊቱ መቶ ሰው የተሰለፈበት የካርድ ክፍል ሠራተኛ መተኪያ ካርዱን ማስገባት ይተዋል፤ በስም ከመፈለግ ይልቅ አዲስ ካርድ ማውጣት ይፈጥንለታል። የስንፍና ነገር አይደለም፤ የሒሳብ ነገር ነው። እንግዲህ ወደ ኮምፒዩተር መሻገር የሚገባው ይህ ሒሳብ ስለማይሠራ ነው እንጂ፣ ኮምፒዩተር ዘመናዊ ስለሆነ አይደለም። እንዲሁም ሥርዓቱ በወረቀት ሳይስተካከል በኮምፒዩተር ይስተካከላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የተደበላለቀ መዝገብ ወደ ማሽን ቢገባ በፍጥነት የተደበላለቀ መዝገብ ይሆናል።

ወደ ላይ የሚሄድና በቦታው የሚቀር መረጃ

በኢትዮጵያ የጤና መረጃን በኮምፒዩተር የመያዝ ሥራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከአራቱ ዓበይት የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎታል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የየተቋሙ ወርኃዊ ሪፖርት በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሚመራው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በተባለው ሥርዓት በኩል ይተላለፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የቤተሰብ ማኅደሩን በታብሌት የሚይዙበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተዘርግቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ልዩነት አለ። ሪፖርት ወደ ላይ የሚሄድ መረጃ ነው፤ በወሩ ስንት ሰው በወባ እንደታመመ ይናገራል፣ ማን እንደታመመ ግን አይናገርም። የሕመምተኛው መዝገብ በቦታው የሚቀር መረጃ ነው፤ ነገ ጠዋት ያ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ነርሷ እጅ መግባት ያለበት እርሱ ነው። እስካሁን ቀድሞ የተራመደው የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱም ሪፖርት ጠያቂ አለው፤ ቀን ተቆርጦለታል፤ ያላቀረበ ይወቀሳል። የሕመምተኛውን መዝገብ የሚጠይቀው ሕመምተኛው ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ድምፁ ከመስኮቱ አያልፍም።

የሕመምተኛውን መዝገብ በተመለከተ «ስማርትኬር» የተባለው ሥርዓት ቀደም ሲል በበርካታ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተተክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ብዙዎቹ ባለሙያዎች በሥርዓቱ አለመርካታቸውን አመልክቷል። ከዚያም ወዲህ «ባህምኒ» የተባለው፣ የምንጭ ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት የሆነው ሥርዓት በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ውሏል። ባህምኒ መጀመሪያ የተሠራው ለትልቅ ከተማ ሆስፒታል ሳይሆን፣ በሕንድ አገር በቻቲስጋር ግዛት ጋኒያሪ በተባለ ገጠር ለሚገኝ ሆስፒታል ነው። ለገጠር የተሠራ መሣሪያ ለገጠር መስማማቱ አያስደንቅም።

የኃይል ጉዳይ

በኢሉባቦር የኤሌክትሪክ ጉዳይ የራሱ ጠባይ አለው። በመቱ አቅራቢያ የሚገኘው የሶር የውኃ ኃይል ማመንጫ 5 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ጀምሯል። ይሁን እንጂ የኃይል ምንጭ በአቅራቢያ መኖሩ መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚዘንብባት፣ ከአገሪቱ እጅግ ዝናባማ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። ዛፍ በመስመር ላይ ይወድቃል፤ መብረቅ ይመታል፤ እርጥበት በመሣሪያዎች ውስጥ ይገባል። ለአዲስ አበባ ቢሮ የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር እንዳለ ተገልብጦ ለመቱ ቢላክ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

በዚህ ረገድ ከማላዊ መማር ይቻላል። በሊሎንግዌ ማዕከላዊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ የተጀመረውና በኋላ «ባኦባብ» በተባለው ድርጅት የተስፋፋው ሥራ የኃይልን ጉዳይ ከግምት ያስገባ ነበር። መሐንዲሶቹ ትልልቅ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮችን ትተው፣ በጣት የሚነኩና ጥቂት ኃይል ብቻ የሚወስዱ ማሽኖችን መርጠው ከባትሪ ጋር አገናኙአቸው። መብራት ሲጠፋ ነርሷ ልብ ሳትለው ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሒሳቡን በመቱ ላይ ማስላት ይቻላል። አንድ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ 150 ዋት ይወስዳል ቢባል፣ አሥር ኮምፒዩተሮች 1,500 ዋት፣ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ደግሞ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። በአንጻሩ እያንዳንዳቸው 15 ዋት የሚወስዱ አሥር አነስተኛ ማሽኖችና 50 ዋት የሚወስድ አንድ ሰርቨር በድምሩ 200 ዋት ናቸው፤ በስምንት ሰዓት የሚፈልጉት 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በመተላለፊያ የሚባክነው ሲታከልበት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 12 ቮልትና ባለ 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹ ብቻ ይሠራበታል ቢባል፣ ሁለት ባትሪዎች መብራት ፈጽሞ ባልመጣበት ቀን እንኳ ሥራውን ያደርሱታል። ለመጀመሪያው ምርጫ ግን ከአሥር በላይ ባትሪዎች ያስፈልጋሉ። ባትሪውን በፀሐይ ኃይል ብቻ ለመሙላት ማሰብም በዚህ አካባቢ ጥንቃቄ ይሻል፤ በክረምት ወራት ሰማዩ ለሳምንታት ሊጨፍን ይችላልና። የተሻለው መብራት በመጣ ሰዓት ከመስመሩ መሙላት፣ ፀሐዩንም ደጋፊ ማድረግ ነው። የመብረቅ መከላከያና አስተማማኝ የመሬት ሽቦ ከሌለ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሊጠፋ ይችላል።

የኔትወርክ መስመርም እንደዚሁ ነው። መዝገቡ አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ ከተቀመጠ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ሆስፒታሉ ማንበብ እንደማይችል ሰው ይሆናል። ሰርቨሩ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መሆን ይገባዋል፤ ወደ ማዕከል የሚላከው ግልባጭ መስመር በተገኘ ጊዜ ይላክ። በየማታው የሚወሰደውም ግልባጭ ሰርቨሩ ባለበት ክፍል ውስጥ እንዳይቀመጥ ያስፈልጋል።

የስም፣ የቀንና የሰዓት ጉዳይ

የሶፍትዌር ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቀላል አድርገው የሚያዩት ነገር በመቱ ካርድ ክፍል ከባድ ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ስሙ ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ይጻፋል። በዚያ ላይ አንድ ስም በሦስት ዓይነት ይጻፋል። ጫልቱ የሚለውን ስም እንውሰድ ቢባል፣ በግእዝ ፊደል አንድ ዓይነት ነው፤ በቁቤ ሲጻፍ የ«ጭ» ድምፅ በአንድ «ሲ» ፊደል ይወከላል፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ ደግሞ በ«ሲ» እና በ«ኤች» ይጀምራል። ያው ሁለት ፊደል በቁቤ «ች» ተብሎ ይነበባል። በቁቤ ረዥም አናባቢ ስለሚደገም የፊደሉም ቁጥር ይለያያል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን አንድ ሰው ናቸው ብሎ እንዲጠረጥር ካልተዘጋጀ፣ ጫልቱ ሦስት ሴት ትሆናለች፤ ወረቀቱ ግን ሁለት ብቻ ነበር ያደረጋት።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ዓመቱ 13 ወር አለው፤ የጳጉሜን ልጅ የልደት ቀን የማይቀበል ማሽን በሐሰት ቀን ያስመዘግባል። የወርኃዊው ሪፖርትም ጊዜ ከወሩ 21 ቀን እስከ ተከታዩ ወር 20 ቀን የሚቆጠር በመሆኑ ከፈረንጅ ወር ጋር አይገጥምም። ከሁሉም የሚያስፈራው ሰዓቱ ነው። በአገሩ አቆጣጠር «2 ሰዓት» የተባለ መርፌ ማሽኑ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አድርጎ ከመዘገበው፣ የሚቀጥለው ተረኛ መድኃኒቱን ያለ ሰዓቱ ሊደግም ወይም ሊዘልል ይችላል። ስለሆነም እነዚህ ነገሮች ለጌጥ የሚጨመሩ ሳይሆኑ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት በተግባር የሚፈተኑ መሆን አለባቸው።

የፋይዳ ባለ 12 አሐዝ ቁጥር በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ስላገኘ፣ ውሎ አድሮ የስሙን ችግር ሊያቃልል ይችላል። ሆኖም ቁጥሩ የሌለው ሰው ሕክምና የሚከለከልበት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ሕመም መታወቂያ እስኪወጣ አይጠብቅም።

ሥራው የማን ነው?

በምዕራብ ኬንያ ሞሶሪዮት በተባለ የገጠር ጤና ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2001 በኮምፒዩተር የሚሠራ የሕሙማን መዝገብ ተተከለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የሕሙማኑ ጠቅላላ የቆይታ ጊዜ በ22 ከመቶ አጠረ፤ በመጠበቅ የሚያሳልፉትም ጊዜ በ38 ከመቶ ቀነሰ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ከሐኪም ጋር የሚያሳልፉትም ጊዜ በ58 ከመቶ ቀነሰ፤ ሠራተኞቹም ለራሳቸው ጉዳይ የሚያውሉት ጊዜ ጨመረ።

ይህ ቁጥር በጥሞና ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ማሽኑ ጊዜ ያተርፋል፤ የተረፈውን ጊዜ ወደ ሕመምተኛው የሚመልሰው ግን ማሽኑ አይደለም። አስተዳደሩ አስቀድሞ ካልወሰነ፣ ትርፉ እናቲቱ ጋ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል።

ሁለተኛው አደጋ ድርብ ሥራ ነው። በብዙ ቦታ እንደታየው ኮምፒዩተሩ ገብቶም ወረቀቱ አይቀርም፤ ነርሷ አንዱን ነገር በካርዱ፣ በመዝገቡና በማሽኑ ሦስት ጊዜ ትጽፋለች። ከወራት በኋላ ከሦስቱ አንዱን ትተዋለች፤ የምትተወውም መብራት ሲጠፋ የሚጠፋውን ነው። ስለዚህ ወረቀቱ በየክፍሉ የሚቀርበት ቀን ከመጀመሪያው ተቆርጦ መታወቅ አለበት። ያ ቀን እስኪደርስ ድረስ ድርቡን ሥራ የሚሸከም ተጨማሪ ሰው መመደብ እንጂ፣ ባለው ሠራተኛ ጫንቃ ላይ መጫን አይገባም።

ምስጢርን ስለ መጠበቅ

ጎሬ፣ ቡሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ ትንንሽ ከተሞች ናቸው። ሰው ሰውን ያውቃል፤ የመዝገብ ሠራተኛው የሕመምተኛው ጎረቤት፣ የእድሩ አባል፣ የሚስቱ ዘመድ ሊሆን ይችላል። የወረቀት ማኅደር ለመስረቅ መደርደሪያ ድረስ መሄድ ያሻል፤ በኮምፒዩተር ግን አንድ የይለፍ ቃል ያለው ሰው የከተማውን ሁሉ ሕመም ተቀምጦ ሊያነብ ይችላል። የኤች.አይ.ቪ. ወይም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ውጤት በዚህ መንገድ ቢወጣ፣ ሰውየው ሁለተኛ ወደ ሆስፒታሉ አይመለስም፤ ወሬውን የሰማም ሁሉ አይመጣም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹት ወገን ይመድበዋል። አዋጁን ወደ ተግባር የሚለውጠው ግን መሐንዲሱ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ይኑረው፤ ለሥራው ከሚያስፈልገው ገጽ በላይ አይክፈትለት፤ የማንን መዝገብ ማን መቼ እንዳየ ማሽኑ ይመዝግብ፤ ይህም ዝርዝር በየወሩ በኃላፊ ይመርመር። ሦስት ነርሶች በአንድ የይለፍ ቃል የሚሠሩበት ክፍል ሕጉ ያልደረሰበት ክፍል ነው።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተገለጹት ነገሮች የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ይወጣል።

አንደኛ፦ ሥራው ከካርድ ክፍሉ ይጀመር። የሕሙማን ስምና ቁጥር ብቻ በኮምፒዩተር ተይዞ፣ ያሉት ድርብ ካርዶች ተፈልገው ይጣመሩ። ማኅደሩ ለጊዜው ወረቀት ሆኖ ቢቆይ እንኳ፣ ሁለት የነበረችው ሴት አንድ ትሆናለች። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፦ ቀጥሎ ላብራቶሪና መድኃኒት ቤት ይግቡ። ውጤትና ትእዛዝ አጫጭር ጽሑፎች ስለሆኑ ለማስገባት ይቀላሉ፤ ስሕተታቸው ደግሞ ፈጥኖ ይጎዳል። የሐኪሙ ረዥም ማስታወሻ መጨረሻ ይምጣ።

ሦስተኛ፦ የመላኪያ ወረቀቱ ይታሰብበት። ከጤና ጣቢያ ወደ መቱ፣ ከመቱ ወደ ጅማ የሚላክ ሰው ታሪኩ ቀድሞት ይድረስ፤ መልሱም ወደ ላከው ጤና ጣቢያ ይመለስ።

አራተኛ፦ የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአምስት ዓመት ጥገናው በበጀት ይያዝ። ባትሪ ያልቃል፤ ሠራተኛ ይዛወራል፤ የሠለጠነው ሲሄድ አዲሱ መሠልጠን አለበት። የመቱ ዩኒቨርሲቲ በጤና ኢንፎርማቲክስ የሚያስተምር በመሆኑ፣ ለጥገናና ለሥልጠና የሚያስፈልገውን ሰው በዚያው አካባቢ ማግኘት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ቴክኒሺያን ሲጠበቅ የከረመ ማሽን የአቧራ መከማቻ ሆኖ መቅረቱን ብዙ መሥሪያ ቤቶች ያውቁታል።

የተከበራችሁ አባላት፤ በዚህ ማኅበር ውስጥ ያሉ መሐንዲሶች የዕቃ ዝርዝር እንዲያዘጋጁ፣ የጨረታ ሰነድ እንዲመረምሩ፣ ተተክሎ ያለቀ ሥራ እንዲረከቡ ይጠየቃሉ። በርክክቡ ቀን ማሽኖቹ መብራታቸው መብራቱን አይቶ መፈረም የተለመደ ነው። ከእንግዲህ ግን ከፊርማው በፊት ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይጥፋና ሥራው ይቀጥል እንደሆነ ይታይ። ጳጉሜን 3 የተወለደ ሕፃን ይመዝገብ። ጫልቱ በሦስቱም አጻጻፍ ትፈለግ። አንድ የጽዳት ሠራተኛ ወይም ዘበኛ በሌላ ሰው ወንበር ተቀምጦ መዝገብ መክፈት ይችል እንደሆነ ይሞከር። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ፈተናውን ያለፈ ሥራ የተተከለበት ሆስፒታል ዘንድ፣ ከኖጳ የመጣችው እናት ቁራጭ ወረቀትዋ በዝናብ ብትርስም ስምዋንና ቀበሌዋን ተናግራ ትገኛለች። ያን ጊዜ በመስኮቱ በኩል ያለው ሠራተኛ ወደ መደርደሪያው ሳይሮጥ፣ ቀና ብሎ ምንዋን እንዳመማት ለመጠየቅ ጊዜ ያገኛል።